ኪራሙ፣ የአጎቴ ሳጥን እና የሸክላ ዋጋ

ልጆችዎን ይዘው ረጅም መንገድ ተጉዘው ከሆነ «ደረስን?» የሚለውን ጥያቄ በደንብ ያውቁታል። የስምንት ዓመቷ ልጄ ጥያቄውን ሆለታ ላይ ጀመረች፤ ጊንጪ፣ አምቦና ባኮ ላይም አልተወችኝም። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ የምንሄደው ግን ከነቀምቴም አልፈን ነበር፤ የእናቴ የትውልድ አገር ወደሆነችው ኪራሙ።

ነቀምቴ አድረን ጠዋት የወለጋ ሙዚየምን ጎበኘን። ከተማዋን የሚጎበኝ ሰው ይህንን ሙዚየምና የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ ባይመለስ ይመረጣል። ልጄ መስታወት ውስጥ የተቀመጡትን የቤት ዕቃዎች እያየች፣ «እማዬ፣ እንዲህ ያለ እኮ እነ አያቴ ቤትም አለ። ይሄኛው ለምን መስታወት ውስጥ ገባ?» አለችኝ። ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት የምሠራው ሥራም ከዚሁ ጥያቄ የራቀ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ሲጓዙ መንገዱ ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሹራብ ይወልቃል። ከዚያ ወደ ጊዳ አያና፣ ቀጥሎም ወደ ኪራሙ ይዘልቃል። ወሩ ጥቅምት ስለነበር የኑግ አበባ ማሳውን ቢጫ አልብሶታል፤ በቆሎውም ደርቆ ለመሰብሰብ ደርሷል። ኪራሙ የቱሪስት መዳረሻ ተብላ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ግን «አካም ጅርቱ» ብሎ የሚቀበልዎት ሰው፣ ቅቤ የጠገበ አንጮቴና ከጓሮ የመጣ ቡና ያገኙባታል። ወደ አካባቢው የሚጓዙ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያሉ ሰዎችን ይጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በደረሰው የጸጥታ ችግር ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ከእነዚህ አንዱ አጎቴ ናቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ሲወጡ የያዙት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የማስረጃ ወረቀቶቻቸውንና አንድ የእንጨት ሳጥን። ነቀምቴ ከዘመድ ቤት ከዓመት በላይ ተቀምጠው ሲመለሱ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ጠፍቶ ጠበቃቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሸክላ ነው፤ የሙዚቃ ሸክላ። ልጄ ሲነገራት ጀበና ጠብቃ ነበርና ጥቁሩን ክብ ነገር ስታይ፣ «ትልቅ ሲዲ!» ብላ ጮኸች። ሠላሳ አንድ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎች፣ ጥቂት ካሴቶችና በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ማጫወቻ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፤ ከካሴቶቹ መካከል ደግሞ ዓሊ ቢራ።

ውጭ አገር ያሉ የአክስትና የአጎት ልጆች በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ወሰኑ፦ «ሳጥኑ ይሸጥና ጣሪያው ይሠራ።» ገማቿ እኔ እንድሆን ተደረገ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ማርኬቲንግ የምሠራው እኔ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ አውሮፓ ካለ ሰብሳቢ ጋር አገናኘችኝ። እኔም ከመሄዴ በፊት የቤት ሥራዬን ሠራሁ።

ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚያወጡት እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መለኪያ የዕቃው ሁኔታ ነው። ሰብሳቢዎች በሰፊው የሚጠቀሙበት ደረጃ ጎልድማይን ከተባለው የአሜሪካ መጽሔት የመጣ ነው። ከላይ «ሚንት» ይቀመጣል፤ ምንም ያልተነካ ማለት ነው። ቀጥሎ «ኒር ሚንት» አለ፤ አዲስ የሚመስል። ከእሱ አንድ ደረጃ ሲወርድ ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚያ በታች «ጉድ» የሚባል ደረጃ አለ፤ ትርጉሙ «ጥሩ» ቢሆንም በዚህ ገበያ ግን ከኒር ሚንቱ ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ የሚያወጣ ነው። ሽፋኑ ለብቻው፣ ሸክላው ለብቻው ይመዘናል። ጭረት፣ እጥፋት፣ ቅዳጅ፣ በእስክርቢቶ የተጻፈ ነገር ሁሉ ያስቀንሳል። ይህቺን የመጨረሻዋን አደራ ይያዙልኝ።

ሁለተኛው የመጀመሪያ ኅትመት መሆኑ ነው። እኛ አገር ሸክላ የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንን ደፍረው አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ። አገራቸውን ጥለው እስከወጡበት እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞችን እንዳወጡ ይነገራል። ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም ነበሩ። በሰባዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ሲወስድ ሸክላ ቆመ። ስለዚህ ያ ዘመን ያተመው እየጎደለ እንጂ እየጨመረ አይሄድም። ለምሳሌ ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «እሬ መላ መላ» በ1975 በካይፋ ወጥቶ፣ በ1986 ደግሞ አውሮፓ ውስጥ በክራምድ ዲስክስ በድጋሚ ታትሟል። ዜማው አንድ ነው፤ ለሰብሳቢ ግን የካይፋው ሌላ፣ የአውሮፓው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ፈላጊ መኖሩ ነው። በብዛት ያልታተመ ነገር ሁሉ ውድ አይሆንም፤ የሚፈልገው ሰው መኖር አለበት። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ፈላጊ ያበዙለት ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ በዘጠናዎቹ መጨረሻ የጀመሩት «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ዲስክና በ2005 የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለዓለም ያሰማው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ናቸው። ዛሬ በደንብ የተያዘ የዚያ ዘመን አልበም በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ዶላር ያወጣል። ግን ይጠንቀቁ፦ ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ አይመኑ። ዲስኮግስ የተባለው የሰብሳቢዎች ገበያ ከዚህ በፊት በእርግጥ የተከፈለውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ ያሳያል። ዋጋ የሚባለው የተከፈለው ነው።

አራተኛው የዕቃው ታሪክ ነው፤ የማን ነበር? በምን ይረጋገጣል? ቢትልሶች በ1968 ያወጡት ነጭ ሽፋን ያለው አልበም ቁጥር እየተመታበት ነበር የታተመው። ቁጥር 0000001 የከበሮ መቺያቸው የሪንጎ ስታር ነበር፤ በ2015 በ790,000 ዶላር ተሸጠ። ተመሳሳዩን አልበም ሌላ ሰው ቤት ቢያገኙት ከዚህ ዋጋ አጠገብ አይደርስም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ኪራሙ የገባሁት። እውነቱን ልንገርዎትና፣ አራተኛውን ነጥብ የታዋቂ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አድርጌ አልፌው ነበር።

የተፋቀው ጽሑፍ

በማግስቱ ጠዋት ሰሌን ላይ ተቀምጬ ሸክላዎቹን በሦስት ረድፍ ለየሁ፤ ያለቀለት፣ መካከለኛ፣ የሚሸጥ። አጎቴ በረንዳ ላይ ለልጄ ማጫወቻውን እያሳዩዋት ነበር። ከአምሃ ሬከርድስ ሸክላዎች አንዱ ከሁሉም ንጹህ ሆኖ አገኘሁት፤ ሰብሳቢው ፎቶውን አይቶ 120 ዩሮ ያለበት እሱ ነው። እንከኑ አንድ ብቻ ነበር። የሽፋኑ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ፣ የደበዘዘ ሁለት መስመር። ሳላነበው ጥጥ በእጅ ማጽጃ አልኮል ነክሬ ፈቀቅሁት። ጽሑፉ ለቀቀ፤ ከሱ ጋር ግን የሽፋኑ ቀለምም ለቆ ነጣ ያለ ምልክት ተወ።

አጎቴ ቡና ሊጠሩኝ ሲገቡ ያንኑ አነሡ። አገላበጡት።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ጽሑፍ ነበረው።»

«አጽድቼው ነው፣ ጋሼ። ጽሑፍ ካለበት ዋጋው ይቀንሳል።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አክስትሽ ናት የጻፈችው። ነቀምቴ አብረን ስናስተምር፣ በ1966 ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዳ ስትመለስ ገዝታልኝ መጣች። ስሟንና ቀኑን ነበር የጻፈችው። ያኔ ገና አልተጋባንም።»

አክስቴ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ ሲፈርስ ፎቶዎቻቸውም አብረው ጠፍተዋል። እጃቸው ያረፈበት ጽሑፍ ከዚያ ሽፋን ሌላ እንደሌለ ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። አጎቴ አልተቆጡኝም። «ቡናው ይቀዘቅዛል» ብለው ወጡ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ቡናውን እየጠጣሁ በቤት ሥራዬ ላይ ያነበብኩት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን በ1993 ለኤም ቲቪ ሲዘፍን የለበሰው ሹራብ በ2019 በ334,000 ዶላር ተሽጧል። ሹራቡ ቁልፍ የጎደለው፣ የሲጋራ ጠባሳ ያለበት፣ ያልታጠበ ነበር። ማንም አላጠበውም፤ ቢታጠብ ማንነቱ አብሮ ይሄዳል። በዚያው ዝግጅት የተጫወተበት ጊታር በ2020 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። እኔ ግን የቤተሰቤን ሹራብ አጠብኩት።

ለሰብሳቢው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት፤ ሽፋኑ መፋቁንም አልደበቅሁም። ዋጋውን ከግማሽ በታች አወረደው፤ ትክክል ነበር። ስለዚህ ያ ሸክላ ለገዢው ንጹህ አልሆነ፣ ለአጎቴም የአክስቴ እጅ የለበትም። በሁለቱም ሚዛን ያረከስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ካሴት ምን ሊያደርግ ይችላል?

የዕቃ ታሪክ ለታዋቂ ብቻ እንዳይመስልዎት አንድ የእኛን አገር ምሳሌ ላክል። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀሩ፤ በ1985 ለብቻቸው አንድ ካሴት ሠርተው፣ ኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ያዙ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ያቺን ካሴት ባሕር ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ አገኛት። ባለቤቷን ፈልጎ አግኝቶ በ2013 በድጋሚ አሳተማት፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ያቺ ካሴት ባሕር ዳር ላይ ስትሸጥ ዋጋዋ የአንድ ተራ ካሴት ነበር።

ኃይሉን በሕይወት አግኝቶ መጠየቅ ተቻለ። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዓሊ ቢራ ደግሞ በ2022 አርፈዋል። ሸክላው ይቆያል፤ «ይህን ያኔ እንዲህ ነበር የሠራነው» የሚለው ሰው ግን አይቆይም። በየቤታችንም እንደዚሁ ነው።

ቤትዎ ሳጥን ካለ

የእኔ ስህተት ለእርስዎ ይጥቀም።

ምንም ነገር ከማጽዳትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የተጻፈውን ሁሉ፣ የሽፋኑን ጀርባና ሸክላው መካከል ያለውን ወረቀት ጨምሮ።

ከዋጋ በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ። የት ተገዛ? ማን ሰጠ? በማን ሠርግ ተጨፈረበት? ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅረጹ፤ ቀኑንም ይያዙ።

ሸክላን ጠርዙን ይዘው ያንሱ፤ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያስቀምጡ እንጂ አይደራርቡ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ያንሱ፤ አልኮል ሽፋኑን አይንካ። ካሴትን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ያርቁ።

ሊሸጡ ከወሰኑ ጉድለቱን ሁሉ ይናገሩ። የተከፈለውን ዋጋ እንጂ የተጠየቀውን አይመልከቱ። የማይሸጠውን ለመለየት ግን የባለቤቱን ቃል እንጂ ገበያውን አያማክሩ።

አጎቴ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ራሳቸው ከፍተው አንድ በአንድ ለዩ። «ይሄን ከገበያ ገዛሁት፤ ይሂድ። ይሄ የእሷ ነው፤ ይቀመጥ።» እኔ የሚሸጠው ረድፍ ላይ ካስቀመጥኩት ብዙው ተመለሰ፤ አልቆለታል ያልኩት አንድ የተጫረ ሸክላ ደግሞ ከሚቀሩት መጀመሪያ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሰባት ሸጥን። ገንዘቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ግማሽ ሸፈነ፤ የቀረውን የቴሌግራሙ ግሩፕ አዋጣ።

የተፋቀው ሽፋን አልተሸጠም። አጎቴ እያሉኝ፣ አክስቴ የጻፉትን ስምና ቀን በትንሽ ወረቀት ጻፍኩ። የእሳቸው እጅ አይደለም፤ ግን ቃሉ ቀርቷል። ልጄ ወረቀቱን አጥፋ ሽፋኑ ውስጥ ከተተችውና፣ «አሁን ይሄ መስታወት ውስጥ መግባት ይችላል?» አለቻቸው።

«የለም» አሉ አጎቴ፤ «መስታወት ውስጥ ከገባ ማን ያጫውተዋል?»

መርፌውን አስቀመጡት። መጀመሪያ የሚንጫጫ ድምፅ፣ ከዚያ ትረምፔት ተሰማ። ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠን እስከ መጨረሻው አዳመጥነው።