ውኃው እሳት አይቷልን?

የመጣን እንግዳ ተቀብሎ ጥሙን ማርካት ለክርስቲያን ቤት ትንሽ ነገር አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋ እንዳለ ተስፋ ሰጥቶናልና። ነገር ግን ጽዋው ሕመምን ይዞ እንዳይቀርብ መጠንቀቅ እንደሚገባ እኛ የተማርነው በገዛ ቤታችን ከሠራነው ስሕተት ነው።

የምንኖረው በጣና ዳርቻ በዘጌ ነው። በአባታችን በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት ምድሩ በበሬ አይታረስም እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ስለ ኖረ፥ ሕዝቡ በደኑ ውስጥ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ እያለማ ይተዳደራል። አገሩ የቡና አገር ቢሆንም፥ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ በቤታችን እንግዳ የሚቆየው በእናታችን የቅመም ሻይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ ይጣዳል፤ አንድ እንጨት ቀረፋ፥ አራት ወይም አምስት ፍሬ ቅርንፉድ፥ ሦስት ፍሬ የተሰነጠቀ ሄልና የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ገብቶበት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይንተከተካል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠል የሚጨመረው ግን ከእሳት ሲወርድ ነው፤ ከቅመሙ ጋር አብሮ ብዙ ከፈላ ይመራልና። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ተከድኖ ከቆየ በኋላ ይጠለላል፤ ስኳሩም እንደ ጠጪው ፈቃድ ነው።

ከጣና በሚወሰድ ውኃ የሚሠራው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የተመረቀው በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይተን እኛም ማቀዝቀዣና ብሌንደር የሚሉትን የፍሬ መፍጫ ገዛን። በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን በኡራ ኪዳነ ምሕረት በዓል ከባሕር ዳር ዘመዶች መጡ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና ቅዳሴው ተፈጽሞ ቤታችን ሲደርሱ ፀሐይና ጥም አድክሟቸዋል። እናታችን ሻዩን ጥደው ነበር፤ እኛ ግን አዲሱን መሣሪያ ለማሳየት ቸኩለን፥ ማንጎ ከሎሚና ከበረዶ ጋር ፈጭተን በብርጭቆ ለማቅረብ ተነሣን። በረዶው ከሐይቁ ተቀድቶ በእንስራ ከተቀመጠው ውኃ የረጋ ነበር።

እናታችን በረዶውን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ ውኃ እሳት አይቷልን?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ፈገግ ብለን፥ «እማዬ፥ በረዶ ከሆነ በኋላ ምን ጀርም ይተርፋል? ብርዱ ይገድለዋል» ብለን መለስንላቸው። እርሳቸው ዝም አሉ፤ የራሳቸውንም ሻይ ቀድተው ጠጡ።

በሦስተኛው ቀን ልጃችን በተቅማጥና በትውከት ወደቀ። ባሕር ዳር የተመለሰው የእንግዳችን ሕፃንም እንደዚሁ መታመሙን ሰማን። ልጃችንን ያየው ሐኪም ኦ አር ኤስ የሚሉትን ሕይወት አድን ዱቄት ሰጥቶን፥ «ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት» ሲለን አንገታችንን ደፋን። ለደቀ መዛሙርት ንጽሕናን የምናስተምር ሰዎች ሳለን፥ ፊደል ያልቆጠሩት እናታችን ያወቁትን እኛ አላወቅንም። እርሳቸው ግን አንድ ቃል እንኳ አልወቀሱንም፤ ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን ጣዱልን። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሁለቱም ሕፃናት ዳኑ። እኛም በጀልባ ተሻግረን ዘመዶቻችንን ይቅርታ ለመንን፤ በክፍልም ቆመን ስሕተታችንን ለተማሪዎቻችን ተናገርን።

ነገሩን ስንመረምረው፥ ተቅማጥንና የአንጀት ተስቦን የሚያመጡ ተሕዋስያን ብዙዎቹ በቅዝቃዜ አይሞቱም። እንደ ተኛ ሰው ይቆዩና በረዶው በብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ ይነቃሉ። የሚገድላቸው እሳት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በዚህ አገር ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሆኖም ይህ ሙቀት ለሥራው ይበቃል። ውኃው እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይፍላ። ሰዓት የሌለበት ቤት አባታችን ሆይን በዝግታ ሦስት ጊዜ ይድገም፤ ጸሎቱም ትርፍ ይሆናል።

እንግዲህ ቀዝቃዛ መጠጥ ይቅር አንልም፤ ክፉው በረዶው ሳይሆን ያልፈላው ውኃ ነውና። ዛሬ በቤታችን የሚደረገው እንዲህ ነው። ለበረዶ የሚሆነው ውኃ ከዋዜማው ፈልቶ፥ በተከደነ ዕቃ ቀዝቅዞ፥ በታጠበ እጅ ወደ በረዶ ማርጊያው ይገለበጣል። የቅመሙም ሻይ ከተጠለለ በኋላ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ሳለ በመፍጫው ውስጥ አይደረግም፤ እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ሰው ያቃጥላልና። በሚገባ ሲቀዘቅዝ ሁለት ብርጭቆ ሻይ፥ የአንድ የዘጌ ሎሚ ጭማቂ፥ ጥቂት ስኳርና አንድ ብርጭቆ በረዶ በአንድነት ይፈጫሉ። ማንጎ የሚወድ ሰው ቢኖር፥ ፍሬው ከነልጣጩ በፈላ ውኃ ታጥቦ ከተላጠ በኋላ ይጨመርለታል። ወተት የሌለበት ስለ ሆነ በአጽዋማት ወራት ለሚመጣ እንግዳም ይስማማል።

እንግዳ የብርጭቆውን ውበት ያያል፤ ከዋዜማው ውኃው የፈላበትን ማንቆርቆሪያ ግን አያይም። ፍቅራችን ያለው ግን በዚያ ባልታየው ድካም ውስጥ ነው። አሁን በረዶ ልናወጣ ማቀዝቀዣውን በከፈትን ቁጥር ልጃችን ከእናታችን ጎን ቆሞ፥ «አባዬ፥ ውኃው እሳት አይቷል?» እያለ ይጠይቀናል። እኛም ሳንስቅ፥ «አዎን ልጄ፥ አይቷል» ብለን እንመልስለታለን።