ፍሪሞንት ጎዳና፣ ኤርፎን ጆሮዬ ላይ

ላስ ቬጋስ ደርሼ መጣሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው ስትሪፕ የሚባለውን ጎዳና ነው። ከነፒራሚዱ፣ ከነአስመሳዩ የኤፍል ማማ ያ ጎዳና ግን በአብዛኛው ያለው ከላስ ቬጋስ ከተማ ወሰን ውጭ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ክላርክ ካውንቲ ነው። ከተማው ራሱ የተቆረቆረው ወደ ሰሜን፣ ፍሪሞንት ጎዳና ላይ ነው፤ ቁማሩም መብራቱም እዚያ ጀመረ። እኔም ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስትሪፕን በመኪና መስኮት ካየሁት በቃኝ ብዬ የቀረውን ጊዜ ለፍሪሞንት ሰጠሁ።

አስጎብኚዬ ሰው አልነበረም። ስልኬ ላይ ጥቂት ዶላር ከፍዬ የጫንኩት የድምፅ ትረካ ነው፤ ያለሁበትን ቦታ በሳተላይት እየተከታተለ አንድ ሕንፃ ፊት ስደርስ ስለዚያ ሕንፃ ማውራት ይጀምራል። ባንዲራ ከያዘ አስጎብኚ ኋላ እንደ ተማሪ መሰለፍ ለማይወድ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ይመቸዋል። ሲያሰኝህ ትቆማለህ፣ ሲሰለችህ ትዘላለህ፣ ቡና ስትጠጣ ተራኪው አፉን ዘግቶ ይጠብቅሃል። ታክሲ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ግን አስጠነቀቀኝ፦ «ማታ እንዳትሄድ፤ አንድ ቃል አትሰማም። ጠዋት ሂድ፣ ሰካራሙም ተኝቷል።» እንዳለኝ አደረግሁ።

ጉዞው የሚጀምረው ፕላዛ ከሚባለው ሆቴል ፊት ነው። ፕላዛ የቆመው የባቡር ጣቢያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በሜይ 15 ቀን 1905 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የባቡር ኩባንያው እዚህ በረሃ ላይ 110 ኤከር መሬት ሸንሽኖ ለጨረታ አቀረበ። ጨረታው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ከተማዋም ተወለደች። የባቡሩ ባለቤት በመዳብ የከበሩት የሞንታና ሴናተር ዊሊያም ክላርክ ነበሩ፤ ካውንቲው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ይህን ስሰማ ድሬዳዋ ትዝ አለችኝ። እሷም ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ሲያቅተው በ1902 ሜዳው ላይ የወለዳት ናት። ልዩነቱ ድሬዳዋ ጣቢያዋን አቆይታልናለች፤ ላስ ቬጋስ አፍርሳ ሆቴል ሠራችበት። ይቺ ከተማ ያረጀ ነገር ማፍረስ ልማዷ ነው። ስትሪፕ ላይማ ሆቴል በፈንጂ ሲናድ ሕዝብ ወጥቶ እንደ ርችት ያየዋል።

ከፕላዛ ፊት ለፊት፣ ፍሪሞንት ቁጥር 1 ላይ፣ ጎልደን ጌት አለ። በ1906 ሆቴል ኔቫዳ ተብሎ የተከፈተ ነው። በከተማዋ የመጀመሪያው ስልክ በ1907 እዚህ ገባ፤ የስልክ ቁጥሩ «1» ነበር። ኔቫዳ ቁማርን በሕግ የከለከለችው በ1910 ሲሆን ሃያ ዓመት ያህል በድብቅ ሲካሄድ ኖሮ በማርች 1931 እንደገና ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ሆቴሉ ስሙን «ላስ ቬጋስ» ከኋላ ወደፊት ተገልብጦ በተጻፈ ፊደል «ሳል ሳጌቭ» አለው። ደስ ሲላቸው እንዲህ ይቀልዱ ነበር።

ዓመቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አገሩን ሁሉ የኢኮኖሚ ድቀት መትቶታል፤ ኔቫዳም ገቢ ፍለጋ ቁማሩን ፈቀደች፤ ፍቺ ለሚፈልግም በክልሏ የስድስት ሳምንት ነዋሪነት ይበቃዋል አለች። ከዚህ ከአርባ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ቦታ የሁቨር ግድብ ሥራ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። መንግሥት ለሠራተኞቹ ቦልደር ሲቲ የምትባል ከተማ ሠራላቸው፤ መጠጥም ቁማርም የከለከለባት ከተማ። (ቁማሩ ዛሬም ክልክል ነው።) ደመወዝ የተቀበለ የግድብ ሠራተኛ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ፍሪሞንት የቆመው በእነሱ ኪስ ነው።

ወደ ውስጥ ጥቂት ገባ ስል ተራኪው በ1931 የመጀመሪያውን የቁማር ፈቃድ ያገኘው ኖርዘርን ክለብ እንደነበረ ነገረኝ። ባለፈቃዷ ሴት ናት፤ ሜይሚ ስቶከር። ባልዋ የባቡር ኩባንያው ተቀጣሪ ስለነበር ንግዱ በእሷ ስም ሆነ። እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ትረካው ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ወዲያው ስለ ማፊያው በግዚ ሲገል መተረክ ተጀመረ፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ማፊያ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ። ማፊያ ይሸጣል፣ ይገባኛል። ከጎዳናው ሁለት ሦስት ብሎክ ርቆ በቀድሞው ፍርድ ቤት ውስጥ ሙሉ የማፊያ ሙዚየም ቆሞ ሳለ ግን እዚህም እንደገና እነሱኑ መተረክ ምን ይባላል? የቢኒየን ሆርስሹ ካዚኖ ፊትም እንዲሁ ነው። ከቴክሳስ መጥተው በ1951 የከፈቱት ቤኒ ቢኒየን ሰው የገደሉ፣ በግብር ጉዳይም የታሰሩ ሰው ነበሩ፤ ተራኪው ግን እንደ ደግ አያት ነው የሚያወራላቸው። የ10 ሺህ ዶላር ኖት መቶውን ደርድረው አንድ ሚሊዮን ዶላር በመስታወት ውስጥ ያሳዩ እንደነበር፣ በ1970ም የዓለም ፖከር ሻምፒዮና የሚባለውን ውድድር እንደጀመሩ አወቅሁ። ለነገሩ ሁለቱም ማስታወቂያ ነበሩ፤ ሁለቱም ሠርተውላቸዋል።

ከዚያ ቀና አልኩ። በላይ ጣሪያ አለ። በ1995 አምስት ብሎክ ያህል ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ 27 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የብረት ጣሪያ ተሸፈነ፤ ዛሬ ከ49 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን መብራቶች ያሉበት የዓለም ትልቅ ስክሪን ነው ይሉታል። ሰውን ከስትሪፕ ለመመለስ የተደረገ ነገር ነው፤ ተሳክቷል። ግን ቬጋስ ቪክ የሚባለውን የኒዮን ካውቦይ እዩልኝ። በ1951 ፓዮኒር ክለብ ላይ የተሰቀለ፣ 12 ሜትር ቁመት ያለው፣ አንድ እጁን እያወዛወዘ መንገደኛ የሚጠራ ምልክት ነበር። ክንዱ መወዛወዙን ካቆመ ቆየ። ጣሪያው ሲሠራ ደግሞ አልበቃ ብሎት የባርኔጣው ጠርዝ ተቆረጠ። ሰውየው ዛሬም ሲጋራውን በአፉ ይዞ ከክለቡ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ክለቡ ግን ካዚኖ መሆኑ ቀርቶ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ነው። በዚያ ብረት ጣሪያ ሥር ስልኬም ተደናገረ፤ እኔ ቬጋስ ቪክን እያየሁ ተራኪው አንድ ብሎክ ቀድሞኝ ስለ ሌላ ሆቴል ያወራል። ደጋግሜ ወደኋላ መለስኩት።

ማታ ተመልሼ ስክሪኑን አየሁት፤ ያምራል። ሙዚቃው ግን ደረት ይመታል፤ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው በጣሪያው ሥር እየጮኹ ያልፋሉ። የአክስቴ ልጅ እውነቱን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ትረካው ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ጠዋቱን ከአንዱ ካዚኖ ገብቼ ቆምኩ። አየሩ የሲጋራና የምንጣፍ ሳሙና ይሸታል። የሩሌት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ የምታጫውተው ልጅ ሐበሻ ናት። በዚህ ከተማ የሠራተኛ ደረት ላይ የሚሰካው ስም ከሥሩ የመጣበትን ቦታ ይይዛል፤ የእሷ «አዲስ አበባ» ይላል። የምትተካት ልጅ ስትመጣ ቺፖቹን አስተካክላ አንድ ጊዜ አጨበጨበች፤ መዳፏን ወደ ላይ ወደ ታች ገልብጣ ለማንም ሳይሆን ለጣሪያው ካሜራ አሳየች። ምንም አልያዝኩም ማለት ነው። ከጠረጴዛው የሚነሳ አጫዋች ሁሉ ይህን ያደርጋል። ጸሎት ይመስላል፤ ግን ፍተሻ ነው።

በእረፍቷ ደጅ ላይ አገኘኋትና ሰላም አልኳት። «ጋሼ፣ ተጫወቱ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

«አልተጫወትኩም። አንቺስ ትጫወቻለሽ?»

«እኔ? ቀኑን ሙሉ የሚሸነፍ ሰው እያየሁ!» አለችና ሒሳቡን በጣቷ አስረዳችኝ። ሩሌቱ ላይ 38 ቁጥር አለ፤ ከ1 እስከ 36፣ ሲደመር አንድ ዜሮና ድርብ ዜሮ። በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ያሸነፈ የሚከፈለው ግን 35 እጥፍ ነው። «ቤቱ ማንንም አያጭበረብርም ጋሼ። ሁለቱ ዜሮዎች ይበቁታል።» ከየመቶ ዶላሩ በአማካይ አምስት ዶላር ከምናምን ቤቱ ጋ ይቀራል። ደመወዟ ትንሽ እንደሆነ፣ የሚያኖራት ቲፕ እንደሆነ፣ ቲፑም ለብቻ ኪስ የሚከቱት ሳይሆን ተሰብስቦ ከሌሎቹ አጫዋቾች ጋር የሚካፈሉት መሆኑን ነገረችኝ። ዕቁብ እንደሚጥሉም ጨመረችልኝ።

ትረካው ኤል ኮርቴዝ ሆቴል ላይ አበቃ። ቤቱ በ1941 ተከፍቶ እስካሁን የሚሠራ፣ በአገር ቅርስነትም የተመዘገበ ነው። ተራኪው አመሰገነኝ፤ አምስት ኮከብ ስጠኝም አለኝ። እኔ ግን የአክስቴን ልጅ ጠርቼ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ወደ ቦናንዛ ጎዳና ውሰደኝ አልኩት።

እዚያ ማዶ ዌስትሳይድ ይባላል፤ ጥቁር ነዋሪዎች ከመሀል ከተማ ተገፍተው የሰፈሩበት ነው። ሳሚ ዴቪስና ናት ኪንግ ኮል በቁማር ቤቶቹ መድረክ ላይ እየዘፈኑ እዚያው ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር። በሜይ 1955 ሙሊን ሩዥ ተከፈተ፤ ጥቁርም ነጭም አብሮ የሚገባበት የከተማዋ የመጀመሪያው ሆቴልና ካዚኖ። ታዋቂው ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ደጅ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። ቤቱ ሞልቶ እየፈሰሰ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳይደርስ ተዘጋ። በማርች 1960 የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪው ዶክተር ጄምስ ማክሚላን ሰላማዊ ሰልፍ እንጠራለን ብለው ቀን ቆረጡ። የካዚኖ ባለቤቶች የፈሩት የቱሪስት ገበያቸውን ነው፤ ተደራድረው በሮቻቸውን ለጥቁር ደንበኛ ለመክፈት ተስማሙ። ስምምነቱ የተደረገው በተዘጋው በሙሊን ሩዥ ውስጥ ነው። ደንበኛ መሆን ግን ተቀጣሪ መሆን አይደለም። ከጽዳትና ከወጥ ቤት ያለፈው ሥራ፣ አጫዋችነቱንም ጨምሮ፣ ለጥቁሮች በሰፊው የተከፈተው በ1971 ካዚኖዎቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ በፍርድ ቤት ከገቡት ውል በኋላ ነው።

እንግዲህ ደረቷ ላይ «አዲስ አበባ» የሚል የያዘችው ልጅ ጠረጴዛው ኋላ የቆመችው በዚህ መንገድ በተከፈተ በር ነው። እኔ የከፈልኩበት ትረካ ከዚህ አንድም ቃል የለውም። ሴናተሩ አለ፣ ማፊያው አለ፣ ካውቦዩ አለ፤ የሚያጫውተው የለም። የመብራቱን ታሪክ ለማወቅ ጥሩ ነው፤ የከተማዋን ግን ግማሹን ነው የነገረኝ።

ሙሊን ሩዥ በ2003 ከባድ ቃጠሎ ደርሶበታል፤ ዛሬ ሕንፃው የለም፤ ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቁ። የስሙ ትልቁ የኒዮን ጽሑፍ ግን ከፍሪሞንት በስተሰሜን ባለው የኒዮን ሙዚየም ውስጥ ተጠግኖ ይበራል፤ የነደፈችውም ያችን «እንኳን ወደ ላስ ቬጋስ በደህና መጡ» የምትለውን ዝነኛ ምልክት የነደፈችው ቤቲ ዊሊስ ናት። ወደዚያ አገር የምትሄዱ ከሆነ ፍሪሞንትን በጠዋት፣ ውኃ ይዛችሁ፣ ስልካችሁን ሞልታችሁ ዙሩት። ትረካው ኤል ኮርቴዝ ላይ ሲያበቃ ኤርፎኑን አውጡና ታክሲ ጥሩ፤ ነጂው ሐበሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቦናንዛ በሉት።