ቅቤ በማይረጋበት አገር

ጉባ ላይ ቅቤ በማንኪያ አይወጣም፤ ይቀዳል። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፣ በበጋ የጉባ ሙቀት ደግሞ 40ን ያልፋል። ከደጋ በጣሳ ተጭኖ የመጣው ቅቤ የወረዳዋ ከተማ ማንኩሽ ሲደርስ ፈሳሽ ነው፤ ጥላ ውስጥ ቢያስቀምጡትም አይረጋም። ቡናው እስኪፈላ ስለ ቅቤና ዘይት እንጫወት ካላችሁ፣ እኔ ጨዋታውን የምጀምረው ከዚሁ ቆላ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ ወዲህ ጉባ ከየአገሩ ሰው ተቀብላለች። ልጇ ለሥራ ሩቅ የሚሄድባት እናት ምን ትቋጥራለች? በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ጠርሙስ ንጥር ቅቤ። ለምን ንጥር? ጥሬ ቅቤ ሁሉ ነገሩ ስብ አይደለምና ነው። ከመቶው 80 ያህሉ ስብ ቢሆን፣ 16 ያህሉ ውሃ ነው፤ የቀረው የወተቱ ትራፊ ነው። ቅቤን በሙቀት የሚያበላሸው በተለይ ይህ ውሃና ትራፊ ነው። ስናነጥር የምንሰማው መንጣጣት ውሃው ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ድምፁ ረገብ ሲል፣ አረፋው ሲሳሳ፣ ትራፊው ወደ ታች ሲወርድ ቅቤው በስሏል። ልምድ ያላት ሴት ቅቤ የምታነጥረው በጆሮዋ ነው፤ ይህን ጥበብ ሰዓት የሚተካው አይመስለኝም።

ቅመሙስ? ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ... ኮሰረትን በውሃ ብታፈሉት ጥቂት ይሸታል፤ በቅቤ ብታሞቁት ግን ወር ሙሉ ጠረኑ አይለቅም። የእነዚህ ዕፅዋት ጠረን ያለው በውስጣቸው ባለው ዘይት ውስጥ ስለሆነ የሚሟሟው በስብ ነው፣ ውሃ እምብዛም አይቀበለውም። ስብ የሰጡትን ይይዛል። መልካሙንም፣ ሌላውንም።

ስለ "ሌላው" ካነሳን፣ በውጭ አገር ካናቢስን በቅቤና በዘይት አዋሕደው የሚበሉ ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ የስብ ጠባይ ነው። ካናዳ እንዲህ ያለውን ምግብ በ2019 እ.ኤ.አ. ስትፈቅድ፣ በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ አስካሪው ንጥረ ነገር እንዳይኖር ወስናለች። ምክንያት አላት፤ የተበላው እንደተጨሰው ወዲያው አይታወቅም፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። ሰውየው "አልያዘኝም" ብሎ ይደግማል፣ ሕፃን ደግሞ ጣፋጭ መስሎት ያነሳዋል። በእኛ አገር ካናቢስ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተከለከለ፣ እስርም የሚያስከትል ነው። እኔም ማዕድ ቤት ውስጥ ቦታ አልሰጠውም። ኮሰረትና ኮረሪማ ላለው ሰው ምን ጎደለውና!

ወደ ጉባ እንመለስ። የዓባይ ሸለቆ ቆላ ለከብት የሚመች አገር አይደለም። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ ከብቱን ይጎዳዋል፤ ከብት በማይበዛበት ደግሞ ቅቤ ከየት ይበዛል? ምድሪቱ የሰጠችው ሰሊጥ ነው። ጉባ ያለችበት መተከልም፣ አሶሳም፣ ካማሺም ሰሊጥ ያበቅላሉ። የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። በዚያ ላይ አብሮት የተፈጠረ መከላከያ አለው፤ ሰሳሞል የሚባለውና መሰሎቹ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቁታል። ፍሪጅ በሌለበትና በሚያቃጥል አገር ይህ ትልቅ በረከት ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን፣ ግመል እየዞረ በሚጨምቀው የእንጨት መጭመቂያ የሰሊጥ ዘይት ሲወጣ ኖሯል። መጭመቂያ ባይኖርም ቤት ውስጥ ይቻላል፤ ሰሊጡን ለዘብ አድርጎ ቆልቶ፣ ሊጥ እስኪሆን ወቅጦ፣ የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማሸት ነው። ውሃው ዘይቱን ገፍቶ ያወጣዋል። ቻይናዎችም ከጥንት በዚህ መንገድ ያወጡታል።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ስለሚቆጨኝ ነው። የማንጠርን ጥበብ ለቅቤ ብቻ ሰጥተን፣ ዘይትን ከገበያ እንደመጣ ድስት ውስጥ እናፈሰዋለን። ጾመኛው ግን ያውቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ እናቶች ቅቤ በማይበላበት ወቅት ዘይቱን በቅመም አንጥረው "የጾም ቅቤ" ይሉታል። የጾም ቅቤ በጉባ ሰሊጥ ዘይት ቢሠራ ደግሞ ከተጣራው የሱቅ ዘይት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ዘይቱ ራሱ ጣዕም አለውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር የሰሊጥ ዘይት በወፍራም ድስት፣ በለዘበ እሳት አሙቁ። መጀመሪያ የሚገባው ውሃ ያለው ነው፦ በስሱ የተከተፈ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ቀይ ሽንኩርት። መንጣጣቱ እስኪቆም፣ ሽንኩርቱ ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ ጠብቁ። አትቸኩሉ፤ እሳት ካበዛችሁ የሰሊጡ ጠረን ይጠፋል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ይመራል። ከዚያ ድስቱን አውርዱና፣ ዘይቱ ገና እንደጋለ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኮሰረት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና የታመሰ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩበት። ጠረናቸው ስስ ስለሆነ እነዚህን እሳት ላይ ማብሰል በእንፋሎት ማባከን ነው። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ፣ ፈጽሞ በደረቀ ጠርሙስ አኑሩት።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጥሬውን ከትፎ ዘይት ውስጥ ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር የሌለበትን፣ እርጥበት ያለበትን፣ ሞቅ ያለውን ቦታ ይወዳል፤ ዘይት ውስጥ የሰመጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይህን ሁሉ ያሟላል። መርዙ በጠረንም በጣዕምም ላይታወቅ ይችላል። በ1985 እ.ኤ.አ. ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት በዘይት ከተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን ለዚህ በሽታ ዳርጓል። ቫንኩቨር ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ በጉባ ሙቀት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ ውሃው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ተዉና በደረቅ ቅመም ብቻ ሥሩት፤ ጥሬ ከገባበት ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ ከ4 ቀን በላይም አይቆይ።

የደረሰውን ዘይት በማሽላ ገንፎ ላይ፣ ከባሚያ ወጥ ጋር ሞክሩት፤ ቆላው የሚወደው ማዕድ ነው። ነጠላው ላይ የቀረውን ቅመምም አትጣሉት፣ በዚያው ዕለት ሽሮ ውስጥ ይግባ።