ባትሪው በሱብሒ ሲለካ

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካል የምንማር ልጆች ለእረፍት ቤት ስንገባ የሚጠብቀን ሥራ ይታወቃል። አልግል ያለ ምጣድ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ ሁሉ «ኢንጅነሩ መጣ» እየተባለ እኛ ፊት ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ እኔን የጠበቀኝ የአጎቴ ሚኒባስ ነበር።

አጎቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ነው የሚሠሩት። ባትሪው ለደከመ መኪና ደሴ ላይ አንድ ዘዴ አለ፤ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ማሳደር። ጠዋት በቁልፍ እምቢ ካለ ፍሬን ለቆ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ ነው። አጎቴ በዚህ ወር ተኩል ገፉ። አንድ ሌሊት ግን ሌላ መኪና ከፊታቸው ቆሞ አደረ። ከሱብሒ ሶላት የወጣው ጀመዓ ተረባርቦ ወደ ጎን አውጥቶ ገፋላቸው። ከገፊዎቹ መካከል አስም ያለባቸው አንድ አባት ነበሩ። አጎቴ ቀኑን ሙሉ ሲያፍሩ ዋሉ።

የዚያን ዕለት መግሪብ ላይ ቴስተሬን ይዤ ጠበቅኳቸው። ሞተሩን እንዳጠፉ ለካሁት፤ 12.7 ቮልት። «ባትሪው ደህና ነው፤ ችግሩ ሞተሪኖው ነው» አልኩ። አመኑኝ። ሞተሪኖው ተፈታ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ የሁለት ቀን ሥራ ቀረ፣ ገንዘብ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሱብሒ ላይ መኪናው እንደ በፊቱ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ምክር የሚጠየቅ ሰው አማና ተሸክሟል ሲባል በሐለቃ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ቴስተር ለያዘም እንደሚሠራ ግን አልታሰበኝም ነበር።

ስህተቴን ያሳየኝ ኮምቦልቻ ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሐረጎን ሲወጣ ዲናሞው ሲሞላው የመጣ ባትሪ ሞተር እንደጠፋ ቢለካ ይዋሻል፤ የሚታየው ላይ ላዩን የያዘው ነው። መለካት ያለበት ካደረ በኋላ፣ ምንም መብራት ሳይበራ ነው። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በማግስቱ ከሱብሒ በፊት ለካሁት፤ 11.9። ቁልፍ ሲዞር ወደ 8 ወረደ። ይህ ብቻውን ግን ባትሪ አያስጥልም፤ ዲናሞው ሳይሞላው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ስንለካ 14.1 ሆነ፤ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አስደረግነው። አንድ ጠዋት አስነሳ፤ በሁለተኛው ተመልሶ ወደቀ። እየሞላ መያዝ ካቃተው ከመለወጥ ሌላ መላ የለውም።

እኔ ስወቅስ የነበረው የደሴን ብርድ ነው። ብርድ በእርግጥ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ያወፍራል። ባትሪን ይበልጥ የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ በፀሐይ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ውሃው ይተናል፣ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ቶሎ ይበላሉ። ደሴ ገመናውን አወጣችበት እንጂ አልገደለችውም። ክዳኖቹን ስንከፍት በሁለቱ ክፍሎች ሳህኑ ከውሃው በላይ ወጥቶ ደርቋል። አጎቴ ሲጎድል የቧንቧ ውሃ ነበር የሚጨምሩት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድም አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። (ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ አጠገቡም እሳት አይጫር፣ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።)

አዲስ ተገዛ። አሮጌውን አንድ ሹፌር ሊገዛ መጣ። ያን ቀን ደግሞ ቻርጅ ተደርጎ ነበር፤ ቢሞከር ያስነሳ ነበር። ዐይቡን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። አጎቴ ግን «አንድ ጠዋት ያስነሳልሃል፣ በሁለተኛው ሰው ታስቸግርበታለህ» አሉት። ትቶት ሄደ። በኋላ ለእርሳሱ ሲባል በርካሽ ተሸጠ።

የሞተሪኖውን ወጪ ቀስ እያልኩ ልክፈል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተወው ልጄ፣ ካርቦኑም አርጅቶ ነበር» አሉኝ። የወጣው ካርቦን እኔ ጋ አለ፤ ገና ግማሹም አላለቀም።