ፊዚክስ ይከብዳል ወይስ ሒሳብ?



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከወጣቶች ኅብረት ቀጥሎ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። በየዓመቱ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ከፊዚክስና ከሒሳብ የቱ ይከብዳል?» ዘንድሮ ይህን የጠየቀችኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥያቄው ግን ለእሷ የጨዋታ አልነበረም። «ምህንድስና ለመማር ስጸልይ ነበር። ፊዚክስ ግን ጭራሽ አልገባኝም። እግዚአብሔር በሩን የዘጋብኝ ይመስለኛል፤ ሶሻል ልግባ» አለችኝ።

በሩ ተዘግቷል ከማለታችን በፊት ደብተሩን እንይ አልኳት።

በአደባባዩ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዋናው ያለው መቅደላ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያን ብረት አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወገን መንገድ እያስቆረጡ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወሰዱት። ጥያቄውን ከዚያው አወጣሁላት፦ «ዳገቱ 30 ዲግሪ ነው እንበል፤ ፍሪክሽን የለም እንበል። መድፉ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎታቾቹ የስንት ቶን ክብደት ያህል መያዝ አለባቸው?»

ሥዕሉን ሣለች። ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንደሚስብ፣ መሬቱም ከሥር እንደሚደግፈው በቀስት አሳየች። ከክብደቱ ከፊሉ ብቻ በዳገቱ አቅጣጫ ወደ ኋላ እንደሚጎትት በራሷ ነገረችኝ። ፊዚክሱ ይኸው ነው፤ ጨርሳዋለች! የቆመችው «ሳይን ነው ኮሳይን?» የሚለው ላይ ነው። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ መሆኑን ብታውቅ የሚቀራት 7ን ለ2 ማካፈል ብቻ ነበር፤ 3.5 ቶን። ዓመቱን ሙሉ «ፊዚክስ አይገባኝም» ስትል የኖረችው፣ ለካ ያልገባት ትሪጎኖሜትሪ ነው።

አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቀመሩን ከሰጣችሁት ፈጥኖ ይሠራል። መድፉ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ሣል ስትሉት ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀስት ይጨምራል። ሁለቱም ከፈተና በአንድ ዓይነት ዝቅተኛ ውጤት ይመለሳሉ፤ ሕመማቸው ግን የተለያየ ነው፤ መድኃኒታቸውም እንደዚያው።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ራሳችሁን እንዲህ ፈትሹ። ያቃታችሁን አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ውሰዱና ቀመሩን ብቻ ሌላ ሰው ያውጣላችሁ። ከዚያ በኋላ መጨረስ ከቻላችሁ፣ የጎደላችሁ ሁኔታውን አንብቦ ወደ ቀመር መለወጥ ነው፤ ሥዕል መሣልን ተለማመዱ። ቀመሩ ተሰጥቷችሁም ካልወጣችሁት የጎደላችሁ ሒሳብ ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። እስከ 8ኛ ክፍል አልጄብራ ድረስ መመለስ ቢያስፈልግም አትፈሩ።

እንግዲህ የቱ ይከብዳል? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ፊዚክስ ለመጀመር ይከብዳል፤ ሒሳብ ደግሞ አንዴ ካመለጠ በኋላ ለመያዝ ይከብዳል። ኤሌክትሪክ ያልገባው ተማሪ የብርሃንን ምዕራፍ ሊረዳ ይችላል። ክፍልፋይ ያልገባው ግን ራሽናል ኤክስፕሬሽን ላይ ይሰናከላል፤ ፈንክሽን ያልገባው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ካልኩለስ ላይ ይወድቃል። ፊዚክስም ቢሆን ሁልጊዜ ከሒሳብ ይበደራል። የግሪክ የሒሳብ ሊቃውንት ፓራቦላን ያጠኑት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። የተወረወረ ነገር የሚሄድበት መንገድ ያው ፓራቦላ መሆኑን ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሲያሳይ፣ ሒሳቡ ከ1,800 ዓመታት በላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ሶሻል ክቡር መስክ ነው፤ ወድዶት የሚገባበት ይባረክ። ከፊዚክስ ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ግን፣ ሒሳብ እዚያም ይጠብቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሒሳብ ለሁለቱም ዘርፍ ይሰጣል። ልጅቷ አሁን ትሪጎኖሜትሪን ከሥሩ ጀምራለች። ምርጫዋን ገና አልወሰነችም፤ ስትወስን ግን በፍርሃት እንዳይሆን ነው ጸሎቴ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህንንም ልብ በሉ። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ልንል ነው? ወይስ እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ትውልድ ጣለው? አይደለም። ከዓመት ወደ ዓመት ሳይሞላ የተሻገረ ክፍተት በአንድ ፈተና ላይ ይገለጣል። ልጃችሁ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ሲመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት «የት ጋ ነው የቆምከው ልጄ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ እውቀትን ከእግዚአብሔር እንደተቀበሉ እንሰብካለን፤ እውነት ነው። ያው የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ እንዲማሩ 3 ዓመት እንደተመደበላቸውም ይነግረናል። ስጦታው ሦስቱን ዓመት አላስቀረላቸውም። ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ ካቀለጡት መካከልም በባዝል አጠገብ ካለ ሚስዮን የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ወደ አገራችን የመጡት ወንጌልን ይዘው እንጂ መድፍ ማቅለጥን አውቀው አልነበረም፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ተማሩት።

እንጸልይ፤ ከጸለይን በኋላ ደግሞ ደብተሩን እንክፈት። መክበዱን ያየነውን ነገር ሁሉ «የጌታ ፈቃድ አይደለም» ብለን አንዝጋው። አንዳንዱ በር ያልተከፈተው ስላልተገፋ ነው።

አባት ሆይ፣ ለሚያጠኑ ልጆቻችን ትዕግሥትን፣ ለሚያስተምሯቸው ርኅራኄን፣ ለወላጆቻቸውም የሚያዳምጥ ጆሮን ስጥ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።