«አረፍኩ» አትበል

አማርኛችን ለአብራሪ የሚመች ቋንቋ አይደለም። አውሮፕላንም ያርፋል፣ ሰውም ያርፋል፤ ልዩነቱ ለሰሚው የተተወ ነው። ሻሸመኔ ያለችው እናቴ በስልክ «ዛሬ አስር ጊዜ አረፍኩ» ስላት «በስመ አብ! ወረድኩ በል አንተ ልጅ!» ትለኛለች። እኔም ለእሷ ስል «መውረድ» ጀምሬያለሁ።

ሰሞኑን መውረዱ በዝቷል። እዚህ አሪዞና የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ፈተናዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር ነው፦ ያለ ሞተር ጉልበት፣ በተመረጠ ነጥብ ላይ ማረፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሴስና 172 ከመሬት 1,000 ጫማ (300 ሜትር ገደማ) ከፍ ብዬ፣ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን፣ ከማርፍበት በተቃራኒ አቅጣጫ እበራለሁ። የመረጥኩት ነጥብ በትይዩ ሲመጣ የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እስባለሁ። ሞተሩ አይጠፋም፤ በሚኒሞ ይሠራል፤ ግን ከእንግዲህ አይጎትተኝም። ከዚያ 180 ዲግሪ ዞሬ ጎማዬን ነጥቡ ላይ፣ ወይም ከነጥቡ ወዲያ ባሉት 200 ጫማ (61 ሜትር) ውስጥ ማሳረፍ አለብኝ። ከነጥቡ አንድ ክንድ ቀድሜ ከነካሁ ወደቅሁ። (ፈተናውን ማለቴ ነው። ይኸው፣ አሁንም ቋንቋው!)

ቁልቁለቱን በፎሌ የሚለቅ ሹፌር አገራችን ሞልቷል። እሱ ግን ሜዳው ላይ ሲደርስ ማርሽ ያስገባል። እኔ የማስገባው ማርሽ የለኝም። ያለኝ ከፍታ ብቻ ነው፤ ከፍታ ደግሞ እንደ ደመወዝ ነው። ቀድሜ ከታጠፍኩ ይተርፈኛል፤ ዘግይቼ ከታጠፍኩ ያጥረኛል። ነፋሱ ከፊቴ ከበረታ ደግሞ ሳይታወቀኝ ያልቃል። የተረፈውን ፍላፕ አውርዶ፣ ወይም አውሮፕላኑን በጎኑ አንሸራቶ ማባከን ይቻላል። ያጠረውን ግን የሚያበድር የለም።

ክፉው ነገር የሚመጣው ሲያጥር ነው። ነጥቡ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ትንሽ ብቻ ቀርቷል። እጅ ሳይታዘዝ መሪውን ይስባል፤ አፍንጫው ቀና ካለ የሚደርስ ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሴስና 172 ያለ ሞተር ሩቅ የሚንሳፈፈው በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ነው። አፍንጫውን ቀና ባደረግኩት ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁልቁል መውረዱ ይብሳል። በጣም ከጎተትኩት ክንፉ መሸከሙን ያቆማል። ለመድረስ የሚጎትት ሰው ቀድሞ ይወድቃል፤ ይሄኛው ፈተናውን ብቻ አይደለም።

ይህን ስለማመድ ካፒቴን ልዑል አባተን አስባለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉበት። ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፈዋል። ኮሞሮስ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለማረፍ አስበው ነበር፤ ጠላፊዎቹ ግን ፋታ አልሰጧቸውም። በመጨረሻ የቀራቸው ባሕሩ ነበር፤ ሰው ሊደርስላቸው በሚችልበት፣ ከባሕር ዳርቻው አጠገብ አወረዱት። ከ175ቱ ሰዎች 50 ተረፉ። ቱሪስቶችና ጠላቂ ዋናተኞችም ደርሰው ረድተዋል። 125 ሰዎች ያለቁበትን አደጋ «የተሳካ ማረፍ» ማለት አልችልም። ግን እነዚያ 50ዎቹ የተረፉት፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የቀረችውን ከፍታ የት እንደሚያውሏት ያሰቡ ሰው መሪው ላይ ስለነበሩ ጭምር ነው።

የእኔው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሞተሬ በሚኒሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ካልሆነልኝ እጀታውን ወደፊት ገፍቼ እንደገና መዞር እችላለሁ። ፈተና ላይ ግን ያቺ መዞር ብዙ ጊዜ መውደቅ ማለት ናት። የቆጠብኩት ደግሞ ለአንድ ፈተና ብቻ ነው። ለድጋሚው ስንት የሌሊት ፈረቃ እንደሚያስፈልገኝ አስልቼዋለሁ፤ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፣ ያስለቅሳል።

እጄ መሪውን እንዲስብ የሚገፋፋውም ይኸው ስሌት መሆኑ ገብቶኛል። ስለዚህ ከወዲሁ ወስኛለሁ። ያን ቀን ነጥቡ ላይ እንደማልደርስ ካየሁ አልጎትትም። ጋዝ ሰጥቼ እዞራለሁ፤ ለፈታኙም የፈለገውን ይጻፍ እለዋለሁ። ገንዘብ እንደገና ይጠራቀማል።