ስም ያልተጻፈበት ባልዲ

በመኝታ ቤታችን ኮሪደር ላይ ስም ሳይጻፍበት የተቀመጠ ባልዲ የማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቀድሞ ያነሣው ሰው ነው። ማታ ውኃ ሞልቼ አስቀምጬው ጠዋት የሌላ ሰው ካልሲ ተዘፍዝፎበት ያገኘሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። ይህን ማንሣቴ ስለ ባልዲ ለማማረር አይደለም። ባለፈው ወሰነ ትምህርት በኮምፒውተር የሠራሁት ስሕተት ከዚሁ ባልዲ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ6ኛ ሀ፣ የ6ኛ ለ እና የ6ኛ ሐን የሒሳብ ፈተና ውጤት መዝግቦ አማካዩን ማውጣት የኔ ድርሻ ሆነ። በካልኩሌተር ብሠራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በተቋማችን የኮምፒውተር ክፍል የሼል ስክሪፕት መጻፍ ገና መጀመሬ ስለነበር ልሞክረው ብዬ ቸኮልኩ። ሼል ማለት በጥቁሩ መስኮት ላይ የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹ በፋይል ተደርድረው በአንድ ጊዜ ሲፈጸሙ ስክሪፕት ይባላሉ።

የኔ ስክሪፕት ዋና ክፍልና አንድ ፋንክሽን ነበረው። ፋንክሽን አንድ ጊዜ ተጽፎ በተፈለገ ቁጥር በመጠሪያው የሚጠራ የሥራ ጥቅል ነው። ዋናው ክፍል ሦስቱን ክፍሎች በየተራ እያነሣ መጠሪያቸውን «ስም» በሚባል ተለዋዋጭ ውስጥ ይይዛል፤ ከዚያ ፋንክሽኑን ይጠራል። (ሼሉ የተለዋዋጭ መጠሪያ በኛ ፊደል ስለማይቀበል በላቲን ፊደል ነው የጻፍኩት።) ፋንክሽኑ ደግሞ ተማሪዎቹን በፊደል ተራ አንድ በአንድ እየወሰደ ስማቸውንና ውጤታቸውን ያትማል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል። ተማሪውንም የያዝኩት «ስም» በሚል ተለዋዋጭ ነበር። የተማሪ ስም ሌላ ምን ሊባል ነው? በመጨረሻም ዋናው ክፍል «ስም»ን እና አማካዩን በአንድ መስመር ያትማል።

ሠራ! አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም። አትሜ ለክፍል ኃላፊው መምህር ሰጠሁ፤ እሳቸውም ወደ መዝገብ ገለበጡት።

በሦስተኛው ቀን ከ6ኛ ሀ አንዲት ልጅ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ 91 ነው ያገኘሁት። መዝገቡ ላይ 58 ሆኗል» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝርዝሩን ሳየው ስሟ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ ከ91 ጋር፣ ከሥሩ ደግሞ ከ58 ጋር። 58 የ6ኛ ሀ አማካይ ነው። መምህሩ የኋለኛው እርማት መስሏቸው እሱን ወስደዋል፤ አልፈርድባቸውም።

ማታ ስክሪፕቱን ለአሠልጣኛችን አሳየኋቸው። ከት ብለው ሳቁና «ባልዲህ ላይ ስምህን አልጻፍክም» አሉኝ። በሼል ውስጥ ፋንክሽን ግድግዳ የለውም። በውስጡ የተሰየመ ተለዋዋጭ፣ ሌላ ነገር ካልተነገረ በቀር፣ የስክሪፕቱ ሁሉ ነው። ስለዚህ ፋንክሽኑ «ስም» ባለ ቁጥር የዋናውን ክፍል «ስም» እየደመሰሰ፣ ሲወጣ የመጨረሻዋን ተማሪ ስም ትቶ ወጣ። መድኃኒቱ በፋንክሽኑ መጀመሪያ «ሎካል» የሚለውን ቃል ከተለዋዋጩ ፊት መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ፋንክሽኑ የራሱን «ስም» ይይዛል፤ ሲጨርስም የቀድሞው «6ኛ ሀ» እንደነበረ ይገኛል። ለፋንክሽኑ የሚቀበላቸው ግብአቶች ግን ያለዚህ ቃልም የራሱ ናቸው።

ነገሩ የዕድሜም ጉዳይ ይመስለኛል። የስቲቨን ቦርን ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ሲወጣ ፋንክሽን ጭራሽ አልነበረውም፤ ኋላ ነው የተጨመረለት። እኛ የምንጠቀምበት ባሽ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሲሆን «ሎካል»ን ያውቃል፤ ፖዚክስ የሚባለው የጋራ ደረጃ ግን አልደነገገውም። ደግሞም ግድግዳው እንደምናስበው ወፍራም አይደለም። ፋንክሽኑ ሌላ ፋንክሽን ከጠራ ያ የተጠራው የጠሪውን ሎካል ያየዋል፣ ሊለውጠውም ይችላል። ይህን እኔ ራሴ ሞክሬ እስካይ ድረስ አላመንኩም ነበር።

ከዚያማ በቃ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሎካል አደረግሁት። አማካዩም አብሮ ሎካል ሆኖ ጠፋ! «ሪተርን» በሚለው ትእዛዝ ልመልሰው ብዬ በሰባት ተማሪዎች ውጤት ስሞክር፣ ድምሩ 412 ሆኖ ሳለ 156 አለኝ። ለካ ሪተርን ሥራው መሳካት አለመሳካቱን ማሳወቂያ እንጂ የውጤት መላኪያ አይደለም፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚችለው። ከ412 ላይ 256 ሲቀነስ 156 ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ፋንክሽኑ ውጤቱን እንዲያትም አድርጎ፣ ጠሪው የዶላር ምልክትና ቅንፍ ተጠቅሞ የታተመውን መያዝ ነው። የተማሪዎቹን ዝርዝር የሚያትመውንም ለብቻው ሌላ ፋንክሽን አደረግሁት፤ አለዚያ ዝርዝሩ ሁሉ ከአማካዩ ጋር ተይዞ ይመጣል።

በማግሥቱ የልጅቷ 91 ተመለሰ። የ6ኛ ለዋ የመጨረሻ ተማሪ የተቀየረባት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። የከበደኝ የ6ኛ ሐው ልጅ ነው። ያገኘው 44፣ መዝገቡ ላይ የተጻፈለት የክፍሉ አማካይ 61። እሱ ወደ እኔ አልመጣም፤ ምን ብሎ ይምጣ? በእረፍት ሰዓት ፈልጌ አገኘሁትና ስሕተቱ የኔ መሆኑን፣ ውጤቱም ወደ 44 እንደሚመለስ ነገርኩት።

«አውቄው ነበር» አለኝ ቀና ሳይል።

ከዛፉ ሥር ተቀምጠን የሳታቸውን የክፍልፋይ ጥያቄዎች አብረን መሥራት ጀመርን። ደወል እስኪደወል ሦስቱን ጨረስን፤ አራተኛውን ለሐሙስ ቀጠርን።